ተከራዩ ያልተጠራበት ስብሰባ

ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ከላፍቶ እስከ ለቡ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያሉ ኮንዶሚኒየሞችን ደረጃ የወጣ ሰው የማያጣው አንድ ወረቀት አለ። ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ጫፉ ተቀዶ፣ ከሥሩ ማኅተም አርፎበት ይገኛል። «አስቸኳይ የስብሰባ ጥሪ፤ ለቤት ባለቤቶች በሙሉ» ይላል። ቀኑ እሁድ ነው፤ ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡00፤ ቦታው ኮሚናሉ። አጀንዳውም ከሰፈር ሰፈር ብዙ አይለያይም፦ የውኃ ፓምፕ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ የሞላ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ የአዲስ ኮሚቴ ምርጫ።

እሁድ ይደርሳል። 3፡00 ሰዓት ላይ ኮሚቴው ብቻውን ይቀመጣል። 4፡00 ላይ አምስት ስድስት ሰው ይጨመራል። «ምልዓተ ጉባኤው አልሞላም» ይባልና ስብሰባው ለሌላ እሁድ ይተላለፋል። ማታ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ «የዚህ ሰፈር ሰው ለራሱ ጉዳይ እንኳ አይሰበሰብም» የሚል ወቀሳ ይለቀቃል። ሁለት ሦስት ሰው አውራ ጣት ይሰጠዋል። ሌላው አይቶ ያልፋል።

ወቀሳው የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ያ «የማይሰበሰብ» የተባለ ሰው በዚያው ሳምንት ጎረቤቱ ቢያርፍበት ሥራውን ትቶ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያወርድ፣ ለቀስተኛ ሲያስተናግድ ይውላል። ስለዚህ ሰው መሰብሰብ አልረሳም። ጥያቄው ማን ተጠራ፣ ለምን ተጠራ፣ መጥቶስ ምን ሊያገኝ ነው የሚለው ነው። አዲስ የነዋሪዎች ማኅበር ወይም አዲስ እድር አባል አጣሁ ብሎ ሲያማርር መጀመሪያ መመርመር ያለበት የራሱን የጥሪ ወረቀት ነው።

ሰፈሩ እንዴት ተሠራ?

የኮንዶሚኒየም ሰፈር ከሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር የሚለየው በአፈጣጠሩ ነው። ቂርቆስ ወይም ጉለሌ ያለ የቆየ ሰፈር ቀስ በቀስ የተሰበሰበ ነው፤ አንዱ አንዱን እየጠራ፣ ወንድም ወንድሙን፣ የአገር ልጅ የአገር ልጁን እያስጠጋ የሞላ። ኮንዶሚኒየም ግን የዕጣ ውጤት ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1997 እና በ2005 ዓ.ም የተመዘገቡ ሰዎችን በዕጣ እያከፋፈለ፣ በመልሶ ማልማት የተነሱትንም እየጨመረ አንድ ደረጃ ላይ አገናኛቸው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በር ለበር የተገጣጠሙት ሁለት ቤተሰቦች የሚያገናኛቸው ነገር ኮምፒውተር ያወጣው ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ልዩነት ገንዘብ ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ዕጣ የደረሰው ሰው 20 በመቶውን ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር ይሸፍናል። ለብዙ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ይህ ከባድ ነበር። ቤቱን እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይፈቀድም፤ ማከራየት ግን ይቻላል። ስለዚህ ብዙ ባለዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ፣ በኪራዩ የባንኩን ዕዳ እየከፈለ፣ ራሱ ረከስ ያለ ቤት ተከራይቶ ወይም ከወላጅ ጋር ተጠግቶ መኖርን መረጠ። ሌላው ደግሞ ውጭ አገር ነው፤ ቤቱን እህቱ ወይም ደላላ ይጠብቅለታል።

በዚህ መንገድ የተሠራ ሰፈር ውስጥ ባለቤትና ነዋሪ አንድ ሰው መሆናቸው ቀረ። ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ሌላ ቦታ ያድራል፤ እዚያ የሚያድረው ወረቀቱ ላይ ስም የለውም።

ሕጉ የጠራውና የቀረው

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የተደነገገው የጋራ ሕንፃ ሥርዓት የቤት ባለቤቶችን ማኅበር መሠረት ያደረገ ነው። አስተሳሰቡ ግልጽ ነው፤ ደረጃው፣ ጣራው፣ ግቢው፣ ቧንቧው የጋራ ንብረት ስለሆነ ባለንብረቶቹ በጋራ ያስተዳድሩት፤ ወጪውንም በጋራ ይሸፍኑት። ማንም አይቃወመውም። ችግሩ ያለው ከወረቀት ወደ ኑሮ ሲወርድ ነው።

ለምሳሌ 30 ቤት ያለው አንድ ብሎክ ይታሰብ። ከ30ው ባለቤቶች 12ቱ እዚያው ይኖራሉ እንበል፤ 18ቱ አከራይተዋል። ማኅበሩ ስብሰባ ሲጠራ ለ30 ሰው ይጠራል፤ ግን ጥሪው በትክክል የሚደርሰው ለ12ቱ ነው። ከ12ቱ ግማሹ ቢመጣ እንኳ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጠው ስድስት ሰው ነው። በ18ቱ ቤቶች ውስጥ ያሉት ደግሞ ውኃው ሲጠፋ ጄሪካን ይዘው የሚወርዱ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉ፣ ጥበቃው ሲተኛ የመኪና ጎማ የሚወሰድባቸው ናቸው። እነሱ አልተጠሩም። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኛ ተከራይ ነን።»

«ተከራይ ነኝ» ማለት በአዲስ አበባ አፍ ብዙ ነገር ይሸከማል። «አያገባኝም» ማለት ይሆናል፤ «ብናገር ማን ይሰማኛል» ማለትም ይሆናል፤ «አከራዬ ሰምቶ ኪራይ ይጨምርብኛል» ማለትም ይሆናል። ሦስቱንም ለይቶ ያልሰማ ኮሚቴ ሰዎቹን ሰነፍ ይላቸዋል።

እድር እንዴት አደገ?

አባል ስለማብዛት ከውጭ አሠልጣኝ ማምጣት አያስፈልግም። እድር አለ። እድር ከከተማው መስፋፋት ጋር ያደገው ከዘመድ አዝማድ ርቆ ከተማ የገባ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ነው። ለዚያ ሰው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት መሠረቱ የሞተ ዕለት ማን ይሸከመኛል የሚለው ጥያቄ ነበር።

የእድርን አሠራር ልብ ብሎ ያየ አራት ነገር ያገኛል።

አንደኛ፣ ጥቅሙ ለአባሉ የተቆረጠ ነው። መዋጮ የከፈለ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ገንዘቡን፣ ከሁሉም በላይ ሰውን ያገኛል። ያልከፈለ አያገኝም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ማንኩር ኦልሰን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የተከራከረው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ሰው ያለበት ስብስብ የጋራ ጥቅም ስላለው ብቻ በራሱ አይንቀሳቀስም፤ አባሉን ለይቶ የሚጠቅም ወይም የሚያስገድድ ነገር ያስፈልገዋል። ኦልሰን በመጽሐፍ የጻፈውን የእድር ጸሐፊዎች በደብተር ሲሠሩበት ኖረዋል።

ሁለተኛ፣ አዲስ አባል በሰው እጅ ነው የሚገባው። ነባር አባል «ጎረቤቴ ነው፤ አውቀዋለሁ» ብሎ ያቀርበዋል። ገቢው ስሙ፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ቤቱ ይመዘገባል። ገብቶ ወዲያው ጥቅም አይጠይቅም፤ ደንቡ የሚለው ጊዜ እስኪያልፍ መዋጮውን እየከፈለ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ መምጣት ግዴታ ነው። የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ግን ስም ተጠርቶ «የለም» መባሉ ከብሩ ይከብዳል።

አራተኛ፣ ሒሳቡ ይነበባል። ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ጉባኤ ፊት ያቀርባል። ያልተነበበ ሒሳብ ያለበት እድር ብዙ አይቆይም፤ ወይ ይከፈላል ወይ ይፈርሳል።

ከአራቱ አንዱም ማስታወቂያ አይደለም። ጥሩምባው የሚነፋው እኮ አባል ለመጥራት ነው፤ አባል ለማግኘት አይደለም።

ይሁን እንጂ እድርም እንከን አለው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ እንከኑ ጎልቶ ይታያል። የቆየ እድር ንብረት ስላለው አዲስ ገቢን የንብረቱን ድርሻ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። ይህ ለነባሮቹ ፍትሕ ነው፤ ለአዲስ ተከራይ ግን የተዘጋ በር ነው። ብዙ ተከራይ ስለዚህ በቀድሞ ሰፈሩ እድር እንደተመዘገበ ይቀራል፤ ጀሞ እየኖረ ለቀጨኔ እድር ይከፍላል። ሲቸግረው ድንኳኑ ከከተማው ሌላ ጫፍ ይመጣለታል፤ በር ለበር ያለው ጎረቤቱ ግን ስሙን ሳያውቅ ያስተዛዝነዋል።

በአዋጅ የሞላ አዳራሽ

ሰውን ስሙን መዝግቦ አባል ማድረግ ቀላል የሆነበት ዘመንም ነበር። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ይዞ መጣ፤ ቀበሌ የተባለው። የቤት ጉዳይ፣ መታወቂያ፣ የኅብረት ሱቁ ኩፖን ሁሉ በቀበሌ በኩል ሆነ። ስብሰባ ሲጠራ አዳራሽ ሞላ። የአባል ቁጥር ጥያቄ አልነበረም።

የሞላው አዳራሽ ግን አልተወያየም። ሰው የመጣው ስሙ እንዳይነሳ ነበር፤ ያጨበጨበው ሌላው ስላጨበጨበ ነበር። ዛሬ ዕድሜው ከ55 በላይ የሆነ የከተማው ሰው «ስብሰባ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ የሚከብደው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው። ልጆቹም ቃሉን ከነትርጉሙ ወረሱት፤ ስብሰባ ማለት ሌላ ሰው የወሰነውን የሚሰሙበት ቦታ ማለት ሆነ። አዲስ የነዋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ይህን የቆየ ጥርጣሬ ተሸክሞ ነው የሚነሳው። «ያልመጣ ይቀጣል» የሚለው ቃል ከእድር ዳኛ አፍ ሲወጣ ይከበራል፤ ከኮሚቴ ሊቀመንበር አፍ ሲወጣ ግን ቀበሌን ያስታውሳል። ልዩነቱ የእድሩን ደንብ አባሉ ራሱ ማውጣቱ ነው።

በግሩፕ የሞላ ስልክ

አሁን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሙላት መጥቷል። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። የብሎኩ ወጣት ስልኩ ላይ ያለውን ስም ሁሉ በአንድ ጠቅታ ያስገባል። በአንድ ቀን 300 አባል! ከሦስት ወር በኋላ ግሩፑን የከፈተ ሰው የሚያገኘው የሶፋ ሽያጭ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ፣ ከዚያም በፖለቲካ ምክንያት የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ነው። የውኃ ፓምፑ ጉዳይ ከላይ የሆነ ቦታ ተቀብሯል።

የክፍለ ከተማው ስም ራሱ እዚህ ላይ ያስተምራል። «ንፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት ለሚያስተላልፈው መሣሪያ አባቶች ያወጡለት ስም ነው፤ በነፋስ የሚሄድ ስልክ። ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራ ሕዝብ በእጁ የያዘው ነፋስ ስልክ ከአባቶቹ መሣሪያ እጅግ የረቀቀ ነው። ሆኖም መሣሪያው ድምፅ ያደርሳል እንጂ ሰሚ አይፈጥርም። ያልጠየቀውን ሰው ግሩፕ ውስጥ ማስገባት ስልኩ ላይ አንድ ተጨማሪ ጩኸት መጨመር ነው፤ ሰውየው ድምፁን ያጠፋና ይተኛል። ኮሚቴው ግን «300 አባል አለን» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

ከፊሉ ጥፋት የቁጥር ፍቅር ነው። አዲስ ማኅበር መጀመሪያ የሚፈልገው 300 ስም አይደለም። የሚያስፈልገው ሲጠሩት የሚመጣ፣ የተሰጠውን ሥራ የሚጨርስ፣ ጎረቤቱን በስሙ የሚያውቅ 10 ሰው ነው። አሥሩ ሌላ አሥር ያመጣሉ። ሦስት መቶው ዝምተኛ ግን አንድ ሰው አያመጣም፤ አዲስ የገባውም ዝምታውን አይቶ ዝም ማለትን ይማራል።

«ነገ ለሚሄድ ሰው?»

ተከራይን አባል ማድረግ ሲነሳ ሁለት ተቃውሞ ይሰማል፤ ሁለቱም ችላ የሚባሉ አይደሉም።

የመጀመሪያው «ተከራይ ነገ ይሄዳል» የሚለው ነው። ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። አከራይ በቃል ብቻ «በወሩ መጨረሻ ልቀቅ» ይል ነበርና ተከራዩ በሚቀጥለው ዓመት ስለሚሠራ አጥር የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ግን ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አፈጻጸሙ ላይ የሚያከራክር ነገር ቢኖርም፣ ሕጉ ተከራዩን ቢያንስ የሁለት ዓመት ጎረቤት አድርጎታል። ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ሰው በፓምፑ፣ በጥበቃው፣ በቆሻሻው ያገባዋል። ዓመቱን ሙሉ ብቅ ካላለ ባለቤት በላይ ያገባዋል።

ሁለተኛው «ንብረቱ የእኔ ሆኖ ሌላ ሰው እንዴት ይወስንልኛል» የሚለው ነው። ይህ ፍትሐዊ ስጋት ነው። ተከራይ ብዙ ቢሆንና ጣራ ይቀየር ብሎ ድምፅ ቢሰጥ ከፋዩ ባለቤት ነው። መልሱ ጉዳዮችን መለየት ነው። ጣራ፣ መዋቅር፣ የጋራ ቦታ ማከራየት፣ ትልቅ የጥገና ወጪ የባለቤቶች ውሳኔ ይሁን፤ ሕጉም የሰጣቸው ለእነሱ ነው። የጥበቃ ሰዓት፣ የውኃ ተራ፣ የቆሻሻ አወጣጥ፣ የሌሊት ጩኸት፣ የልጆች መጫወቻ፣ የኮሚናሉ አጠቃቀም ግን እዚያ የሚያድሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ለጥበቃና ለፅዳት የሚከፍለውም ተከራዩ ነው። ከፍሎ የማይጠየቅ ሰው መክፈሉንም ይተዋል።

በ2009 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዷና በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ኤሊኖር ኦስትሮም ዕድሜዋን ያሳለፈችው ሰዎች የጋራ ግጦሽን፣ ደንን፣ የመስኖ ውኃን ሳያጠፉ እንዴት እንደሚያስተዳድሩ በማጥናት ነው። ጸንተው ከቆዩት ዘንድ ካገኘቻቸው የጋራ ባሕርያት አንዱ ደንቡ የሚነካቸው ሰዎች ደንቡን በማሻሻል መሳተፋቸው ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃም ትንሽ ግጦሽ ነው። የሚጠቀምበት አንድ ሰው፣ ደንብ የሚያወጣለት ሌላ ሰው ሲሆን ይበላሻል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት እሁዶችን ግን ይጠይቃል።

መጀመሪያ በር ይንኳኳ። ኮሚቴው ደብተር ይዞ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ይውጣ። ማን ይኖራል፣ ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ፣ ስልኩ ስንት ነው፣ ከሁሉ በፊት ምን ቸገረው? አምስት ደቂቃ በር ላይ የተነጋገሩት ሰው ግሩፕ ውስጥ ከተደረገ መቶ ጥሪ ይበልጣል። ስልኩን ለግሩፕ ይስጥ አይስጥ ራሱ ይወስን።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው አጀንዳ ትንሽና የሚያልቅ ይሁን። የደረጃ አምፖል ይተካ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አምፖሉ ከበራ ሰው ስብሰባ የሆነ ነገር እንደሚያደርግ ያያል። በመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ላይ ሦስት እሁድ የተከራከረ ማኅበር ግን ደንቡ ሲጸድቅ የሚያጸድቀው ሰው ያጣል።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ፈረመ። «የባለፈው ኮሚቴ በላ» የሚለው ሐሜት ሰውን ከስብሰባ የሚያርቀውን ያህል ሌላ ነገር አያርቀውም። ሐሜቱ እውነት ይሁን ሐሰት የሚታወቀው ወረቀት ሲኖር ነው።

አራተኛ፣ ሰዓቱ ይታይ። እሁድ ጠዋት ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቤት ያለችውም ምግብ እያሰናዳች ነው። ተሰብሳቢው ወንድ ብቻ ሆኖ ስለ ውኃ ተራ ሲወስን ውኃውን የምትቀዳዋ ውሳኔውን ከልጇ ትሰማለች። ከሥራ መልስ ለግማሽ ሰዓት በየደረጃው መነጋገር፣ ከዚያ ከየደረጃው አንድ አንድ ሰው ልኮ መወሰን ይቻላል።

አምስተኛ፣ አዲሱ እድር በሩን ያስፋ። የመግቢያው ክፍያ በየወሩ ይከፋፈል። ሰፈር የሚለቅ ተከራይም የከፈለው ሁሉ እንዳይቀርበት ደንቡ አስቀድሞ ይናገር። አዲስ እድር ገና ብዙ ንብረት ስለሌለው ይህን ማድረግ ከነባሩ ይቀለዋል፤ ንብረት ካፈራ በኋላ ግን በሩን መክፈት ይከብደዋል።

ስድስተኛ፣ የቴሌግራሙ ግሩፕ የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ይሁን። የስብሰባ ቀን፣ የሒሳብ ፎቶ፣ ውኃ የሚመጣበት ሰዓት ይለጠፍበት። ክርክሩ ፊት ለፊት ይደረግ፤ ደረጃ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ በጽሑፍ የሚወረወረው ስድብ በአብዛኛው አይወጣቸውም።

ይህ ሁሉ ቢደረግም የማይመጣ ሰው ይኖራል። ሁለት ሥራ የሚሠራ አለ፤ ከዚህ በፊት ተናግሮ የተጎዳ አለ፤ ጎረቤቱን ባለማወቁ ደስ የሚለውም አለ። ማኅበር የሁሉንም ልብ ማግኘት የለበትም። ሊያደርግ የሚችለው የሚፈልገውን ሰው በስህተት ውጭ አለማስቀረት ነው። አሁን እየሆነ ያለው ግን ተቃራኒው ነው፤ ብሎኩን በየቀኑ የሚረግጠው ሰው ከስብሰባው ውጭ ነው፣ የሌለው ባለቤት ደግሞ በሌለበት ምልዓተ ጉባኤ ያጎድላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ከአንድ እስክሪብቶ በላይ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ወረቀት ላይ «ለቤት ባለቤቶች በሙሉ» የሚለው መስመር ይሰረዝና «በዚህ ሕንፃ ለምትኖሩ በሙሉ» ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ ወረቀቱን የለጠፈው ሰው እዚያው ደረጃ ላይ ያለውን የቅርቡን በር ያንኳኳ።